የአይሱዙ ፍሪሲዮን ከመከር እስከ መከር የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ክረምቱን በጌራና በሊሙ ጭቃ ሲንፏቀቅ የከረመ ኤን ፒ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) መስከረም ላይ ጅማ ጋራዥ ይገባል። ባለንብረቱ ቸኩሏል፤ ቡና ሊለቀም ነው። "ሸራውን ብቻ ምቱልኝና ልሂድ" ይላል። ሸራው፣ ማለትም ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ዲስክ ልባስ፣ በአዲስ ይመታል፣ መኪናው ይሄዳል። ታኅሣሥ ላይ ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ የሚወጣው ዳገት መሃል ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል፣ ካቢኑ በተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚሰደበው ሸራው ነው፤ "የዘንድሮ ዕቃ አይረባም" ይባላል።

ዕቃው የማይረባበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሸራው ተቃጠለ እንጂ አላጠፋም። ያጠፋው ከሞተሩ ጀርባ የሚያንጠባጥብ ፓራውሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ) ነው፤ ወይም ፊቱ ሳይላጥ የተመለሰ ቮላኖ (ሸራው የሚያርፍበት ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ ብረት)፤ ወይም ክፍተት ያጣ ፔዳል፤ ወይም ተጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የሚነሳ እግር። ከእነዚህ አንዱ ባለበት አዲስ ሸራ መግጠም ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ እንደመቀየር ነው። እዚህ የምንጽፈው በከተማችን በብዛት ስለሚሠሩት፣ 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 ሞተር ስላላቸው ኤን ፒ አሮች ነው። ለሌላ መኪናም ነገሩ ያው ነው፤ የብሎን ቁጥር ብቻ ይለያያል።

ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከማውረድ በፊት በእርግጥ ፍሪሲዮን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ከጎማዎቹ ፊትም ኋላም ታኮ አስገቡ፣ ከመኪናው ፊት ሰው አይቁም። አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩን ወደ 1500 ዙር አምጡና ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ታንቆ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ሁለትና ሦስት ሰከንድ እያጓራ ቆይቶ ከጠፋ መንሸራተት ጀምሯል። ጨርሶ ካልጠፋ መጠራጠሩም አያስፈልግም። ሙከራውን ከሁለት ጊዜ በላይ አትድገሙት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ራሱ ሸራውን ያቃጥላል።

ተቃራኒው በሽታ አለመልቀቅ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ርገጡና እስከ አራት ቆጥራችሁ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እዚህ ላይ ሸራ ለመቀየር ከመሮጥ በፊት የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፉትን የላይኛውንና የታችኛውን ፖምፓ ተመልከቱ። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ፣ ወይም የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ (የውስጥ ላስቲክ) ተበልቶ፣ አንድም ብሎን ከካምቢዮው ሳይፈታ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ ካምቢዮ ማውረድ ሠራተኛንም ባለንብረትንም ያደክማል።

ድምፅም ይናገራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው። ፔዳሉ ተለቆ ማርሽ ሳይገባ የሚያጉረመርም፣ ሲረገጥ ግን ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው፤ ይሄኛው ሌላ ሂሳብ ነው፣ ካምቢዮው በወረደበት አጋጣሚ ቢሠራ ይሻላል። ሲነሳ እንደ በቅሎ የሚዘል ከሆነ ዘይት የነካው ሸራ፣ ነጠብጣብ የመታው ቮላኖ ወይም የተበጠሰ የሞተር ጎማ (ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበት) ነው። የሞተሩን ጎማ አስቀድማችሁ በእጅ ባትሪ እዩት፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

አሁን ዕቃ እንግዛ። በመልክ አንድ የሚመስሉ ሁለት ኤን ፒ አሮች ሁለት የተለያየ ሸራ ሊወስዱ ይችላሉ። በብዛት የሚገኙት ዲያሜትራቸው 300 እና 325 ሚሊ ሜትር የሆኑት ናቸው፤ የመካከሉ ጥርስ ቁጥርም ይለያያል። ስለዚህ "የኤን ፒ አር ሸራ" ብሎ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ሱማሌ ተራ ስልክ መደወልና በአውቶቡስ ማስላክ መኪናውን ካቫሌቶ (መደገፊያ ብረት) ላይ ለሦስት ቀን ለማስተኛት ዋናው መንገድ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው አንብቡ፣ አሮጌው ወርዶ ከሆነ ዲያሜትሩን ለኩ፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ፎቶውን ላኩ። ዕቃው ሲደርስ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት አዲሱን ሸራ የካምቢዮው ዘንግ ላይ አስገቡት፤ በሁለት ጣት ተገፍቶ ሳይንገራገጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንሸራተት አለበት፤ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ደግሞ መወዛወዝ የለበትም።

የጃፓኑ ኤክሰዲ፣ እስከ 1995 ድረስ ዳይኪን ይባል የነበረው፣ በአይሱዙ ሸራዎቹ ቁጥር መጀመሪያ ላይ አይ ኤስ ዲ፣ ሸራውን ቮላኖው ላይ በሚጫኑት ፕሬሸር ፕሌቶቹ ላይ ደግሞ አይ ኤስ ሲ የሚል ፊደል ያደርጋል። ሁለቱን ሳያምታቱ ለማዘዝ ይጠቅማል። ካርቶን ግን ማስረጃ አይደለም። ዕቃውን ራሱን እዩ፤ ሪቬቶቹ ሁሉ ከሸራው ፊት እኩል ጠልቀዋል? የሸራው ጠርዝ አንድ ወጥ ነው ወይስ የተቦጫጨቀ? የመሃሉ ሞላዎች በጣት ሲነኩ ይንቀጫቀጫሉ? የፕሬሸር ፕሌቱ ጣቶች (ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው የሚጫናቸው የሞላ ጫፎች) ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ ናቸው? ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በዓይናችሁ ልክ ዝቅ ብላችሁ ብታዩት የወረደችው ጣት ራሷን ታጋልጣለች።

የምትገዙት አራት ነገር ነው፤ ሸራ፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ እና ቮላኖው መሃል የምትቀመጠው ትንሿ ኩሽኔታ። ሦስቱ አንድ ላይ ይሸጣሉ፣ አራተኛዋ ብዙ ጊዜ ተለይታ ነው፤ እየተረሳች የምትመጣውም እሷ ናት። ከእነሱ ጋር የሞተሩን የኋላ ፓራውሊዮ እና የካምቢዮውን የፊት ፓራውሊዮ ጨምሩ። የሁለቱ ዋጋ ካምቢዮውን እንደገና ለማውረድ ከሚከፈለው የእጅ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሮጌውን ሸራ "ማስመታት"፣ ማለትም የድሮውን ዲስክ ይዞ አዲስ ሸራ በሪቬት ማስያዝ፣ ከተማችን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ለምን ለተጫነ መኪና እንደማንመክረው እንናገር። በሁለቱ ሸራዎች መካከል ሞገድ ሞገድ ያለው ቀጭን ብረት አለ። ፔዳሉ ሲለቀቅ መኪናው ሳይዘል ለስለስ ብሎ የሚነሳው እሱ ቀስ ብሎ ስለሚጨመቅ ነው። ያ ብረት በአንድ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ዕድሜ ውስጥ ይጠፈጠፋል፤ አዲስ ሸራ ቢለብስም ሞገዱ አይመለስም። የመሃል ሞላዎቹም ደክመዋል። ከዚያ ላይ የሸራው ክብደት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ዲስኩ በከፍተኛ ዙር ይንቀጠቀጣል፤ ሪቬቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሸራው ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ተቀርፎ ይበተናል። ጊቤ በረሃ ላይ፣ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ባዶውን ከሂርማታ አጂፕ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ መኪና ይብቃ ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወደ ማውረዱ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፤ የኤን ፒ አር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን ከበሮ ነው። ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስደው ዘንግ) የተፈታ ዕለት የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። የተሳበ እጀታ አይቶ ተማምኖ ከሥር ለሚተኛ ሰው መኪናው በምንም አልተያዘለትም። ስለዚህ ካርዳኑ ከመነካቱ በፊት በአራቱም ጎማ ታኮ፣ ሻንሲው ሥር ካቫሌቶ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። መሬቱ ሲሚንቶ ይሁን። ክረምት ላይ የጅማ ቀይ አፈር ካቫሌቶውን ሲውጠው ድምፅ አያሰማም።

የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ካቢኑ ይነሳል፣ መደገፊያው በቁልፉ መግባቱ በእጅ ይረጋገጣል። የካርዳኑ ፍላንጅና የካምቢዮው ፍላንጅ ሳይለያዩ በቺዝል ወይም በቀለም አንድ መስመር ይሰመርባቸዋል፤ ሲመለስ መስመሩ ካልገጠመ ካርዳኑ ሚዛኑን ይስትና ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መኪናው መርገፍገፍ ይጀምራል፣ ከዚያ ክሮቼራው (የካርዳኑ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ያለ ጥፋቱ ይቀየራል። ቀጥሎ የማርሹ ሁለት ኬብሎች፣ የእጅ ፍሬኑ ኬብል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ። የታችኛው ፖምፓ ሁለት ብሎኑ ብቻ ተፈትቶ፣ ቱቦው ሳይለያይ፣ ሻንሲው ላይ በሽቦ ይታሰር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም ፔዳሉን አይርገጥ፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ወጥቶ ዘይቱ ያልቃል። ካቢኑ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ካለ ውረድ በሉት። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ይወርዳል፤ የላይኛው ብሎኑ አስቸጋሪ ነው፣ ረጅም ማራዘሚያ ያለው ቡሶላ ይፈልጋል።

ሞተሩ ከኋላ በክሪክና በእንጨት ይደገፍ። ካምቢዮው በሰው ክንድ የሚያዝ አይደለም፤ ባለ ጎማ የካምቢዮ ክሪክ ከሌለ ከላይ በሰንሰለት መያዝ ነው። የካምፓናው (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው የካምቢዮው የፊት ቤት) ብሎኖች ካለቁ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። ግማሽ ወጥቶ ግማሽ ገብቶ በዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር የለበትም፤ የዚያ ሁሉ ብረት ክብደት ሸራው መሃል ላይ ያርፋል። ሲወርድ ከሆነ አሮጌው ሸራ ተጣመመ፣ ጉዳት የለውም። ሲመለስ ከሆነ ግን አዲሱ ነው የሚጣመመው፤ "አዲስ ገጠምን፣ ማርሽ አልገባ አለ" የሚባለው ስሞታ ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ፕሬሸር ፕሌቱ ሲፈታ ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ አይወጡም። ግማሽ ግማሽ ዙር፣ በተቃራኒ፣ እየዞሩ። ሸራውን በእጃችሁ ያዙት፣ እግር ላይ እንዳይወድቅ።

አሁን ትንሽ ቁሙ። ብዙ ጋራዥ የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ካምፓናው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በአየር ከመንፋት በፊት እዩት፣ ንኩት፣ አሽትቱት። ደረቅ ጥቁር ዱቄት ከሆነ ሸራው በመንሸራተት ብቻ ነው ያለቀው፤ ዱቄቱን ግን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አትንፉት፣ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ዱቄቱ እንደ ጭቃ ከተለወሰ ዘይት አለ። የማን ዘይት? ጥቁርና ቀጭን ሆኖ ከቮላኖው መሃል ወደ ውጭ እንደ ፀሐይ ጨረር ተረጭቶ ከታየ የሞተሩ ነው፤ የኋላ ፓራውሊዮው አልቋል። ወፍራም ሆኖ ጣት ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ ድኝ የሚሸት፣ በኩሽኔታው መንሸራተቻ ቱቦ ዙሪያ የተጠራቀመ ከሆነ የካምቢዮው የፊት ፓራውሊዮ ነው። የካምፓናውን ቀለም የላጠ ፈሳሽ ከታችኛው ፖምፓ አካባቢ ከወረደ የፍሬን ዘይት ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ጥገና ናቸው፤ ሦስቱም በአዲስ ሸራ አይድኑም። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ቢታጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል።

የወረደውን ሸራም አንብቡት። ከሪቬቱ ራስ በላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ካልቀረው አልቋል። አንዱ ፊት ብቻ ካለቀ ሸራው ዘንጉ ላይ አልተንሸራተተም፣ ጥርሱ ዝጓል ወይም ተበልቷል። ከዙሪያው በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ ካምፓናው ሲገጠም መሃሉን ስቷል ወይም የፕሬሸር ፕሌቱ አንዷ ጣት ወድቃለች። ጠቁሮ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ሸራ ገና ቢኖረውም ተቃጥሏልና አይመለስ።

ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ካሉ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ 300 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ጠንክሯል፤ አዲሱ ሸራ በአንዱ ቦታ ይይዛል በሌላው ይንሸራተታል፣ መኪናው ሲነሳ የሚዘለው ለዚህ ነው። ፀጉር የሚያህሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ላይ ይነሳሉ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ፣ በተለይ ወደ መሃሉ ብሎኖች የሚሄድ ከሆነ፣ ቮላኖው ይጣላል። ቶርኖ ቤት ሲላክ የሚነገረው "ንጹሕ ፊት እስኪያወጣ ብቻ፣ ከዚያ አንድ ፀጉር አትጨምር" ነው። ፕሬሸር ፕሌቱ የሚታሰርበት ጠርዝና ሸራው የሚያርፍበት ፊት በከፍታ የሚለያዩበት ቮላኖ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ የተላጠውን ያህል ከጠርዙም መላጥ አለበት። ፊቱ ብቻ ከተላጠ ፕሬሸር ፕሌቱ ከሸራው ይርቃል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አዲስ ዕቃ ገጥማችሁ ከመጀመሪያው ቀን ይንሸራተታል። ይህችን አንዲት ነገር ለቶርኖ ሠሪው ባለመንገር ስንት ሸራ እንደተቃጠለ!

ቮላኖው ከባድ ነው፤ ከመፈታቱ በፊት ሁለት ብሎን ወጥቶ በቦታቸው ረጃጅም ዘንጎች ቢገቡ ጣት ያድናሉ። ሲመለስ ብሎኖቹ በእጅ ግምት አይታሰሩም፤ ቶርክ መፍቻና የሞተሩ መመሪያ የሚለው መጠን ያስፈልጋል። ጋራዡ ቶርክ መፍቻ ከሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ለፕሬሸር ፕሌቱ የ8 ሚሊ ብሎን 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፤ በረጅም ቧንቧ ተስቦ የተወጠረ ብሎን ቮላኖው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቶ በድሪል ሲወጣ ማየት ደስ አይልም።

ሲገጠም የቮላኖውና የፕሬሸር ፕሌቱ ፊት በቤንዚንና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አዲሱ ፕሬሸር ፕሌት ዝገት እንዳይዘው ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፣ ያ ዘይት ሳይጠረግ ከገባ ራሱ ሸራውን ያበላሻል። ትንሿ ኩሽኔታ በእንጨት ቀስ ብላ ትመታ። የዘንጉ ጥርስ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣት ጫፍ ያህል፤ ሸራው ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ተደርጎ ተርፎ የወጣው ይጠረግ። ግራሶ ሲበዛ ይበረራል፣ ሸራው ላይ ያርፋል። ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ መደገፊያና ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦም ትንሽ ይቀባ። ኩሽኔታው ራሱ በናፍታ አይታጠብ፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ዕድሜ ልኩን የተሰጠው ነው።

የሸራው አቅጣጫ ይሳሳታል፣ የተለማመደ ሰውም ይሳሳታል። በአብዛኛው የሞላዎቹ እብጠት ወደ ካምቢዮው ነው የሚመለከተው። ለማረጋገጥ ሸራውን ብቻ ቮላኖው ላይ አስደግፋችሁ በእጅ አዙሩት፤ መሃሉ የቮላኖውን ብሎን ራስ ከነካ ተገልብጧል። ማእከል ለማድረግ አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ካለ እሱ ነው ምርጡ፤ ከሌለ የእንጨት ቶርኖ ያለው አናጺ ከዋንዛ ወይም ከባሕር ዛፍ በሁለት ልክ አርጎ ይላጥላችኋል፤ ጫፉ ለትንሿ ኩሽኔታ፣ ወገቡ ለሸራው ጥርስ። ብሎኖቹ በኮከብ ቅርጽ፣ በሦስት ዙር ይጥበቁ፤ መጨረሻው እስኪጠብቅ እንጨቱ አይውጣ።

ካምቢዮው ሲመለስ ማርሽ ውስጥ አስገቡትና አንድ ሰው የኋላውን ፍላንጅ ትንሽ ትንሽ ያዙረው፤ ጥርሱ ሲገጥም ራሱ ይገባል። የመጨረሻዋ ሁለት ጣት ክፍተት እንቢ ስትል በካምፓናው ብሎን ጎትቶ ማስገባት ነው የሚያምረው፤ ግን ያኔ ነው ሸራው የሚታጠፈው፣ የካምፓናውም ጆሮ የሚሰበረው። ወደ ኋላ መልሱት፣ ከፍታውን አስተካክሉ፣ እንደገና። የካምቢዮ ዘይት ወርዶ ከነበረ መኪናው ሜዳ ላይ ሆኖ በጎን ካለው ቀዳዳ መንጠባጠብ እስኪጀምር ይሞላ።

ስለ ፖምፓዎቹ። የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ከታሸገ ጣሳ። መንገድ ላይ ሲጎድል የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር አለ፤ የማዕድን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ዘይቱን ወደ ላይ አይመልስም፣ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ ትንሽ እንደተረገጠ ይቀራል፤ ሸራው ይቃጠላል። ከተጨመረ ሁለቱም ፖምፓ ይፈታ፣ ቱቦው ይታጠብ፣ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየር። አየር ሲወጣ አንዱ ይረግጣል ይይዛል፣ ሌላው ከታች ብሎኑን ይከፍታል ይዘጋል፤ የታችኛው ሳይዘጋ የላይኛው እግሩን አያንሳ። አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ነው፤ ዕቃው እንዳይደርቅ እየተሞላ።

የፔዳሉ ክፍተት በእጅ ይለካል። ፔዳሉን በጣት ስትጫኑት ሞላው ሳይሰማ የሚወርዳት ባዶ ርምጃ አለች፤ ከመኪና መኪና ብትለያይም ጨርሶ መጥፋት የለባትም። ጠፍታ ከሆነ ኩሽኔታው የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች ሳያቋርጥ እየነካ ነው፤ ኩሽኔታውም ሸራውም አብረው ይሄዳሉ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቷ ራሷ ስለምትጠብ፣ አንዴ ተስተካክላ የምትረሳ ነገር አይደለችም።

የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ቀለል ባለ ጭነት አሠሩት። ሸራውና ብረቱ እርስ በርስ እስኪላመዱ ሙሉ ፊታቸው አይነካካም፤ ያኔ ሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ከወጣ የተነካካው ትንሽ ቦታ ብቻ ይቃጠላል።

ስለ መንዳት ምክር መስጠት ሹፌሮችን ያስቆጣል፣ ቁጥሩ ግን ይናገር። በብዙ ባለ 5 ማርሽ ኤን ፒ አሮች አንደኛው ማርሽ ከ5 ለ1 በላይ ነው፣ ሁለተኛው 3 ለ1 አካባቢ። መኪና ከቆመበት ሲነሳ ሸራው የሚበላው ሙቀት የማርሹ ቁጥር ካሬ ባደገ መጠን ይቀንሳል፤ 25ን ለ9 ስታካፍሉት ሦስት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በሁለተኛ ማርሽ መነሳት በአንደኛ ከመነሳት ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ሙቀት ነው፤ ያውም ሜዳ ላይ። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል 1780 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው 4ኤችኤፍ1 በዝቅተኛ ዙር ይሰንፋል፣ ሹፌሩም ነዳጅ ጨምሮ በፍሪሲዮን ያካክሳል። ሰርቦ ወይም ጅሬን መወጣጫ ላይ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ አንሳፎ ማቆም ሌላው ሸራ የሚያቃጥል ልማድ ነው፤ ፍሬን ለዚያ ነው የተሠራው።

አሁን አሁን ኦቶማቲክ ፒክአፕ የነዱ ሰዎች ይህን ልማድ ይዘውት ይመጣሉ። ኦቶማቲኩ ላይ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፤ በዘይት የሚሠራ፣ እንዲንሸራተት ተብሎ የተነደፈ። ሙቀቱን ዘይቱ ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስደዋል። ፍሪሲዮን ማቀዝቀዣ የለውም፤ ያመነጨው ሙቀት ሁሉ ቮላኖውና ፕሬሸር ፕሌቱ ውስጥ ነው የሚቀረው።

"ታዲያ የማይቃጠል ሸራ አይኖርም ወይ?" ይባላል። ነሐስና ሴራሚክ የተደባለቀበት የልብስ ቁልፍ የሚመስል አለ፤ ሙቀት ይችላል፣ ከባድ ተሳቢዎች ላይ ይገጠማል። ለዕለት ሥራ ኤን ፒ አር ግን አንመክረውም። ሲይዝ በአንዴ ነው፤ ያ ድንጋጤ የሚሄደው ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ክሮቼራው፣ ወደ ዲፈረንሻሉ ነው። ቮላኖውንም ይበላል። በመንጋ ሕዝብ መሃል ሂርማታ ገበያ ውስጥ በእግር ርምጃ መንዳት ደግሞ ለእግርም ለመኪናም ቅጣት ነው። ጠንካራ ሞላ ያለው ፕሬሸር ፕሌትም ያው ነው፤ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ክራንክሻፍቱን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ኩንታል በላይ ካልተጫነ የፋብሪካው ልክ ይበቃል፤ ከተጫነ ምንም አይበቃም።

ካምፓናው ሥር ትንሽ መመልከቻ ቀዳዳ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ንጹሕ ጨርቅ በሽቦ ጠምጥማችሁ አስገብታችሁ አውጧት። ደረቅ ከወጣ ጫኑ። ዘይት ይዞ ከወጣ ሸራው ሳይጠጣው መልሱት።